ንባብን ያስመለሰችልኝ እናቴ ናት

እህቴ፣ «ልጅ እያለሁ መጽሐፍ ከእጄ አይለይም ነበር። አሁን 38 ዓመቴ ነው፤ አምስት ገጽ ሳልጨርስ ስልኬን አነሳለሁ። ልጽፍ ያሰብኩትም ቀረ። ይመለስ ይሆን?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍሽው መሰለኝ። ይመለሳል። እኔ ዘንድ በ41 ዓመቴ ተመልሷል።

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ ነበር። ሂሳቡ በቀን ስለሆነ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በባትሪ አንድ ሌሊት አንድ ልብ ወለድ እጨርስ ነበር። መጽሐፎቹ ብዙ እጅ ስለነካቸው የመጨረሻው ገጽ የተገነጠለው ብዙ ነው። ከጓደኞቼ ጋር እየተከራከርን መጨረሻውን እኛው እንፈጥርለት ነበር። አሁን ሳስበው ድርሰት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ላይ ተደፍቼ ስውል ማታ ፊደል ያስጠላኛል። አንድ ቀን ተነሳስቼ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ሻጮች ሰባት መጽሐፍ በአንዴ ገዛሁ። አንዱንም አልጨረስኩ። መደርደሪያው ላይ ባየኋቸው ቁጥር ያልከፈልኩት ዕዳ ይመስሉኝ ነበር። ስለዚህ ብዙ አትግዢ፤ አንድ ይበቃል።

በኋላ እናቴን የዓይን ሞራ ያዛት። የቀዶ ሕክምና ወረፋ እስኪደርሳት ወራት መጠበቅ ነበረባት። እሷ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሥራዋን ጥላ ካዳመጡት አንዷ ናት። ከሰባቱ መጻሕፍት አንዱ እሱ መሆኑን ስነግራት «እስኪ አንብቢልኝ» አለች።

የመጀመሪያው ማታ አፈርኩ። ምላሴ ይተሳሰራል፤ አራት ነጥቡን ዘልዬ እሮጣለሁ። «ማን ያባርርሻል? ቀስ በይ» አለችኝ። ቀስ ስል ዓረፍተ ነገሩ ዜማ እንዳለው ሰማሁት። ጉዱ ካሣ መናገር ሲጀምር እጇን ከፍ አድርጋ «እሱን ድገሚው» ትላለች። እደግመዋለሁ። ስልኬን ኩሽና ትቼው ነበር የምገባው፤ እናት አፍ አፍሽን እያየች ስልክ መነካካት ነውር ነዋ! ያንን ወፍራም መጽሐፍ በአራት ወር ጨረስነው። በሁለተኛው ወር ግን እሷ ከተኛች በኋላም ሌላ መጽሐፍ ይዤ ሳመሽ ራሴን አገኘሁት።

መጻፉም ከዚያው መጣ። ሳነብላት «እኛም አገር እንዲህ ያለች ሴት ነበረች» እያለች ታቋርጠኛለች። አንዷ ሴት ቤቷ ጨው ሞልቶ ሳለ በየገበያው ቀን ጨው ትገዛ ነበር አሉ። ለካስ ጨው ሻጩ በልጅነቷ ጠይቋት ቤተሰቧ የከለከሏት ሰው ነው። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። የልጄን ሲናርላይን ደብተር ወስጄ ጻፍኩት። መጀመሪያ ትምህርት ቤት እንደተማርነው መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ብዬ ስጽፈው ታሪኩ ሞተብኝ። ቀደድኩት። በማግስቱ ልክ እናቴ እንዳወራችው፣ ከጨው መሸጫው ጀምሬ ስጽፈው ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ስትመጣ ታየችኝ። እስካሁን ከጻፍኩት የምወደው እሱን ነው።

አንቺም ጮክ ብለሽ አንብቢ። የምታነቢለት ሰው ከሌለ ለልጅሽ፣ እሱም ካልሆነ ለራሴ ብለሽ ድምፅሽን ቅጂ። የምታውቂውንና ድሮ የወደድሽውን መጽሐፍ አስቀድሚ፤ አዲስ የወጣውን ሁሉ ካላነበብኩ አትበይ። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን ፒዲኤፍ ግን እባክሽ ተዪው። ደራሲው ድካሙን ያጣል፤ አንቺም በየደቂቃው መልእክት እየገባ ታቋርጫለሽ። መጽሐፍ መወደዱ እውነት ነው፣ ኪስን ይጎዳል። ከጓደኛ ተዋሺ፤ አዲስ አበባ ካለሽ አብርሆት ወይም ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ቁጭ በይ።

እናቴ ዓይኗን ተሠርታ አሁን ደህና ታያለች። መነጽሯን አድርጋ ራሷ ማንበብ ትችላለች። ማታ ሲሆን ግን መነጽሩን አጥፋ መያዣው ውስጥ ትከታለች፤ ትራሷን ታስተካክልና «በይ፣ የት ነበርን?» ትለኛለች።