ቀድሞ ለጨረሰ ልጅ ሌላ ሃያ ጥያቄ አትስጪው

«የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ የክፍል ሥራውን ከሁሉም ቀድሞ ይጨርስና ሌሎቹን ይረብሻል። ደብተሩ ዝርክርክ፣ ውጤቱ መካከለኛ ነው። የሚጠይቀው ጥያቄ ግን አንዳንዴ ያስደነግጠኛል። ልዩ ተሰጥኦ ይኖረው ይሆን? ምንስ ላድርግለት?» ላልሽው እህቴ፣ ከራሴ ስህተት ልጀምርልሽ።

ማስተማር ስጀምር ጎበዝ የምለው የደረጃ ተማሪውን ብቻ ነበር፤ ደብተሩ ንጹሕ የሆነውን፣ የነገርኩትን ቃል በቃል የሚመልስልኝን። ይህን ልማድ ያስተወኝ አንድ የመቀነስ ጥያቄ ነው፦ 52 ሲቀነስ 27። መበደርን እያስተማርኩ ሳለ አንድ ዝምተኛ ልጅ መንገዱን ሳያሳይ 25 ብሎ ብቻ ጽፎ አገኘሁት። ኮርጇል ብዬ ኤክስ አደረግሁበት። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ 35 ብሎ መጻፉን ያየሁት በኋላ ነው። ጠርቼ ስጠይቀው «ከ50 ላይ 20 ሲነሳ 30 ይቀራል። ከ2 ላይ 7 ማንሳት ስለማልችል 5 ዕዳ አለብኝ። ዕዳውን ከ30 ላይ ከፈልኩ» አለኝ። ከዜሮ በታች ቁጥር እንዳለ ማንም አልነገረውም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናው መፈተኛዬ «እንዴት አገኘኸው?» የሚለው ጥያቄ ሆነ። የመምህር ዓይንም ሆነ ፈተና ብቻውን ያሳስታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሉዊስ ተርማን በ1921 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ከ1,500 በላይ ባለ ከፍተኛ የአእምሮ ችሎታ ልጆችን መርጦ መከታተል ሲጀምር፣ ተፈትነው ነጥብ ስላልሞላላቸው ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

የአንቺ ልጅ ዝርክርክ ደብተር ግን ከረብሻው ይበልጥ ያሳስበኛል። ተሰጥኦና የመማር ችግር አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ብልሃቱ የጽሕፈት ወይም የንባብ ችግሩን ይሸፍንለታል፤ ችግሩ ደግሞ ብልሃቱን ይሸፍናል፤ አንቺ የምታዪው መካከለኛ ውጤት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ምዘና በቃል ስጪውና ከጽሑፉ ጋር አስተያዪው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ወላጆቹንና የልዩ ፍላጎት ባለሙያ አማክሪ።

ድጋፉን በተመለከተ፣ ቀድሞ ለጨረሰ ተማሪ ሌላ ሃያ ጥያቄ የምጨምር መምህር ነበርኩ። ልጆቹ ሞኞች አይደሉም፤ ቀስ ብሎ መሥራትን ተማሩ። ቀጥዬ ረዳት መምህር አደረግኋቸው። ጓደኛን ማስረዳት አልፎ አልፎ መልካም ነው፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ልጁ ለራሱ የሚማረው ነገር የለም።

የሠራልኝ ይህ ነው፦ መልመጃው 15 ጥያቄ ካለው ከባዶቹን አራቱን አስቀድሜ አሳያለሁ። እነርሱን በትክክል የሠራና መንገዱን ያስረዳኝ ከቀሩት ነጻ ነው። ዕድሉን ለክፍሉ በሙሉ ክፍት አድርጊው፤ ፈጽሞ ያልጠረጠርሻት ልጅ ከኋላ ወንበር ትነሳለች። በተረፈው ጊዜ ቶሎ የማያልቅ ነገር ስጪ። እኔ ከ1 ጀምረው ጎዶሎ ቁጥሮችን በተራ እንዲደምሩ እጠይቃለሁ፦ 1፣ ከዚያ 1+3፣ ከዚያ 1+3+5። መልሱ 1፣ 4፣ 9 እያለ ይሄዳል። ለምን? ያ ባለ ዕዳው ልጅ ሁለት ቀን ታግሎ ወረቀቱን ቀደደው፤ አልቅሷልም። ሁሉ ነገር ሲቀልለት ስለኖረ መቸገርን አያውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠጠር ይዞ መጣ። አንዱን ጠጠር አስቀምጦ ሦስት ጠጠር በጎኑና በላዩ አጠፈበት፤ ከዚያ አምስት። አራት ማዕዘኑ እያደገ ሄደ።

ክፍል አጥፎ ማሳለፍን አልቃወምም፤ በጥንቃቄ ለተመረጠ ልጅ ብዙዎች እንደሚፈሩት አይጎዳም። ለአንቺ ልጅ ግን ገና ነው። ጎበዝ የሆነበት አንድ ትምህርት ካለ በዚያ ክፍለ ጊዜ ብቻ አራተኛ ክፍል ገብቶ ቢማር ይቀላል።

እስከዚያው አንድ ትንሽ ደብተር ያዢና ያስደነገጡሽን ጥያቄዎቹን በራሱ አነጋገር ለአንድ ወር መዝግቢያቸው። ባለሙያ ፊት ስትቀርቢ ከውጤት ካርዱ ይልቅ የሚጠቅምሽ እርሱ ነው።