አፍ ሲደርቅ፦ ከእድር ድንኳን የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው እሁድ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ የእድር ወርሃዊ ልከፍል ወጣሁ። የጥርስ ሐኪም መሆኔ ከታወቀ ወዲህ ከሰላምታ በፊት አፉን የሚከፍትልኝ ጎረቤት በዝቷል። የዚያን ቀን ግን የብዙዎቹ ጥያቄ የአፍ መድረቅ ሆነ። ቆሜ የመለስኩትን ትንሽ አስፍቼ ጽፌዋለሁ።

«ልጄ፣ ሌሊት ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። ጆግ ሙሉ ውሃ አጠገቤ አስቀምጬ ነው የምተኛው። ውሃ አንሶኝ ይሆን?»

እማማ፣ ሌሊትማ የሁላችንም ምራቅ ሊቆም ምንም አይቀረው። እርስዎ ግን ቀንም እንጀራው ያለ ውሃ አልወርድ ይለኛል ብለዋል። ለዚህ ነው የኪኒን ፌስታልዎን ያምጡ ያልኩት። ከውስጡ ምን ወጣ? የሚያሸና የግፊት ኪኒን፣ ለጉንፋን የተገዛ ክሎርፌኒራሚን፣ ለእግር ማቃጠል የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን። ሦስቱም አፍ ያደርቃሉ፤ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። «እርጅና ነው» ብለው ይተዉታል ሰዎች። እኔ ግን ከዕድሜ በፊት ፌስታሉን ነው የምጠረጥረው። በራስዎ እንዳያቋርጡ አደራ። ፌስታሉን እንዳለ ይዘው ያዘዘልዎት ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይርልዎ ይችላል።

«ምራቄ ማነሱን በምን አውቃለሁ?»

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ ያመነጫል። ኮሊን ዶውስ የተባለ የካናዳ ተመራማሪ ለጤነኛ ሰዎች ምራቅ የሚያደርቅ መድኃኒት ሰጥቶ «ደረቀኝ» የሚሉት መቼ እንደሆነ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ውጤት፣ ሰው መድረቁ የሚታወቀው ምራቁ በግማሽ ያህል ከቀነሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ተሰምቶህ ከሆነ ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው። ምራቁ ሳይቀንስም ደረቀኝ የሚል ሰው አለ፤ መለካት የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው።

ቤትህ መሞከር ትችላለህ። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ቁጭ በልና አንገትህን ደፋ አድርግ። ሳታኝክ፣ ሳትውጥ፣ ምራቁ ራሱ ሲኒ ውስጥ ይውረድ። 15 ደቂቃ። ከዚያ በ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ምጠጠው። ከ1.5 ሚሊ ሊትር ካልበለጠ በእርግጥ አንሷል፣ ሐኪም ይይህ። (እኔ ስሞክር ባለቤቴ በቡና ሲኒዋ አግኝታኝ፣ ሲኒው ከረከቦቱ ተባሯል።)

«ከረሜላ አልወድም፣ ለስላሳም አልጠጣም። ጥርሴ ግን ድዱ ሥር እየተበላ ነው። ከየት መጣ?»

እህቴ፣ ቡናሽን ስትጠጪ አየሁሽ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር፤ ጨዋታው አንድ ሰዓት ተኩል። ሮበርት ስቴፋን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንዳሳየው፣ ስኳር አፍ ውስጥ ሲገባ ጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ይሠራሉ። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ ሲወርድ ጥርስ መሟሟት ይጀምራል። አሲዱን የሚያረግበው፣ ጥርሱ ያጣውን ካልሲየምና ፎስፌትም የሚመልሰው ምራቅ ነው፤ ለዚያ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። አንቺ የአቦሉ ስኳር ታጥቦ ሳያልቅ ቶናውን ታስከትይበታለሽ። ምራቅሽ ያነሰ ከሆነማ ጭራሽ አይደርስልሽም። ቡናውን ተዪ አላልኩም፤ ስኳሩን ነው።

«ባጃጅ ላይ ነኝ። ስቅም አፌ እንጨት ይሆናል።»

ወንድሜ፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ራሱ ያደርቃል። የባሰው ግን ድርቀቱን ለማርገብ በየአሥር ደቂቃው የምትጎነጨው ለስላሳ ነው። መተዉ ካቃተህ ቢያንስ በውሃ ተጉመጥመጥ። ማታ ደግሞ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሽ፤ ከዚያ ትፋው፣ በውሃ አትለቅልቀው።

«በጾም እስከ 9 ሰዓት አፌ ይሸታል። መፋቂያ ይበቃኛል?»

ስላላኘክ ነው፤ ምራቅ በማኘክ ይመጣል። መፋቂያውም የሚረዳህ ሲፍቅም፣ ሲያስኝክህም ነው። ግን ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ማታ ማታ ጨምርበት። ምላስህንም ከኋላው ጀምረህ ፋቀው፤ ሽታው ከዚያ ነው።

«ሎሚ ብመጥስ?»

ምራቅ ያመጣል፣ ጥርስ ይበላል። ስኳር የሌለው ማስቲካ ይሻላል።

«ጥርሴን ሲያመኝ በአስተናግር ፍሬ ጭስ እታጠናለሁ። ትሉ ይወጣል ይላሉ።»

ጋሼ፣ ጥርስ ውስጥ ትል የለም። አስተናግር ውስጥ ያለው አትሮፒን ነው፤ ሐኪሞች ምራቅ ለማድረቅ የሚጠቀሙበት መድኃኒት ራሱ። ከታጠኑ በኋላ አፍዎ እንጨት ሆኖ፣ ዓይንዎ ብዥ ብሎ፣ ልብዎ ድው ድው ብሎ ያውቃል? «አዎ፣ መድኃኒቱ ሲሠራ ነው» አሉኝ። መመረዝ ነው። መጠኑ ትንሽ ካለፈ ሰው ይቃዣል፣ ይሞታልም። ተክሉ ከብሎካችን ጀርባ ቆሻሻው ላይ በቅሏል፤ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት እዚያው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጓንት አድርጌ ልነቅለው ነው፣ ዶማ ያለው ይምጣ።