የጓሮ ዛፍ ግረዛ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ስለ ጓሮ ዛፍ ግረዛ ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ ብዙ ጥያቄ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥ፦ ዘይቱናችን ከጣሪያው አልፏል። ፍሬውን የሚበላው ወፍ ብቻ ሆነ። እናቴ ግን «ከተቆረጠ አያፈራም» ትላለች። (ከሽምብጥ)

መ፦ እናትሽን አክብሪ፣ ዛፉን ግን ቁረጪው። ዘይቱን የሚያፈራው አዲስ በሚወጣ ቀንበጥ ላይ ነው። ለምለሙን ቀንበጥ ጠጋ ብለሽ እዪው፤ አበባው የሚወጣው ቅጠሉ ከቀንበጡ ጋር በሚገናኝበት ብብት ላይ ነው። ስለዚህ መቁረጥ ለዘይቱን ጥሩ ነው። ቁመቱን በአንዴ አታውርጂው፤ ዘንድሮ ሲሶውን፣ የቀረውን ከርሞ። የወደቀውን ፍሬም ልቀሚ፣ አለበለዚያ የፍሬ ዝንብ ይራባበታል።

ጥ፦ ማንጎዬንስ እንደዚያው ላድርገው?

መ፦ ኧረ በፍጹም! ማንጎ የሚያብበው በበሰለ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ሊያብብ ሲል ጫፉን ከቆረጥክ የዓመቱን ፍሬ ቆረጥክ ማለት ነው። ፍሬው ተለቅሞ እንዳለቀ ወዲያው ግረዘው። ያኔ አዲሱ ቅርንጫፍ እስከሚቀጥለው አበባ ድረስ የሚበስልበት ጊዜ ያገኛል። መሃሉን ክፈትለት፤ ብርሃንና ነፋስ ይግባበት። የማንጎ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበስ።

ጥ፦ የማንጎው ቅጠል ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ግረዛ ያድነዋል?

መ፦ በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። ነጩ ተላቆ ከሥሩ ትንሽ ነፍሳት ካገኙ፣ ነጩ የማንጎ ተባይ ሊሆን ይችላል። በአገራችን መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ እኛም ዘልቋል። ግረዛ ብቻውን አያጠፋውም። ክፉኛ የተያዘውን ቅርንጫፍ ማውጣትና ዛፉን ማሳሳት ግን በጣም ያግዛል፤ ተባዩ የሚወደው ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ነውና። የቆረጡትን እዚያው አይጣሉት፣ ያቃጥሉት።

ጥ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ የቁጥቋጦ ቼሪ ችግኝ ልላክልህ ይለኛል። እንዴት ነው የሚገረዘው?

መ፦ በአገሩ የብርዱ ወቅት ሊያልቅ ሲል፣ ገና ቅጠል ሳያወጣ ይገረዛል። ያረጁትን ግንዶች ከሥራቸው አንስተው ወጣቶቹን ያስቀራሉ። እኛ ጋ ግን ችግሩ ግረዛው አይደለም። ቼሪ በደንብ እንዲያብብ ረጅም ቅዝቃዜ ማሳለፍ አለበት፤ የባሕር ዳር ሌሊት ቢቀዘቅዝ ቀኑ ወዲያው ይሞቃል። ችግኝ ያለ ፈቃድ ማስገባትም አይቻልም። ወንድምህ የሚልክልህ ጥሩ የመግረዣ መቀስ ይሁን።

ጥ፦ ቡናችን አርጅቷል። ዜጌ ነው ያለው።

መ፦ ያረጀ ቡና ጉንደላ ይፈልጋል። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናብ ሳይጀምር ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሰያፍ የሚሆነው ውሃ እንዳይቋጥር ነው። ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ደህናዎቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርታችሁ ሌላውን አንሱ። ሁሉንም በአንድ ዓመት አትጎንድሉ፣ ጓዳው ቡና ያጣል። የጥላውን ዛፍ አደራ፣ እሱን አትንኩት።

ጥ፦ የጎረቤቴ አቮካዶ አጥር ተሻግሮ ቆርቆሮዬ ላይ ተኝቷል። ልቁረጠው?

መ፦ መጀመሪያ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። መጋዙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከተስማሙም ቀለል አድርጉት፤ አቮካዶ በአንዴ ከተራቆተ ቅርፊቱን ፀሐይ ያቃጥለዋል።

ጥ፦ በገጀራ ብቆርጥ ምን አለበት?

መ፦ ቅርፊቱ ይቀደዳል፣ ቁስሉም አይድንም። ወፍራሙን ቅርንጫፍ በመጋዝ መጀመሪያ ከታች በኩል ትንሽ ቁረጠው፣ ከዚያ ከላይ ጨርሰው። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያበጠ ቀለበት አለ። እሱን አትንካ፣ ቁስሉን የሚዘጋው እሱ ነው። ቀለም መቀባትም አያስፈልግም። ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄድ መጋዙን በበረኪና ጥረገው፣ ስትጨርስ በደንብ አጥበህ አድርቀው፤ በረኪና ብረት ያዝጋል።