«ምኩራብ» ወይስ «መስጊድ»?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ወለቃ ሄደን የቤተ እስራኤልን የጸሎት ቤት ጎበኘን። አስጎብኛችን «ምኩራብ» ሲለው፣ በአካባቢው ያደጉ አንድ አባት «የፈላሾች መስጊድ ነው» አሉን። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ከፎቶግራፉ ሥር «የአይሁድ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ጻፈ። የጉብኝቱን ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ስለሆነ የትኛውን ልያዝ? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከጓደኛዎ ጽሑፍ እንነሣ። «ቤተ ክርስቲያን» ስሙ ራሱ የማን ቤት እንደሆነ ስለሚናገር ለአይሁድ ጸሎት ቤት ፈጽሞ አይሆንም። «ቤተ መቅደስ» የሚሉም አሉ፤ እሱም ቢሆን በኢየሩሳሌም ለነበረው፣ ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 ላፈረሱት ቤት ነው የሚነገረው። ምኩራብንና ቤተ መቅደስን ማደባለቁ የመጣው ሳይሆን አይቀርም ከዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሰንበት ነው። ሰንበቱ «ምኩራብ» ይባላል፤ የሚነበበው ወንጌል ግን ጌታ ነጋዴዎችን ከቤተ መቅደስ ስለማስወጣቱ ነው።

አስጎብኛችሁ ያለው «ምኩራብ» ትክክል ነው። የግእዝ ቃል ነው፤ ጥንታዊ አጻጻፉ «ምኵራብ»፣ የዛሬው ደግሞ «ምኩራብ» ነው፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ኢየሱስ በናዝሬት ገብቶ ያነበበበት ቤት በዚሁ ስም ተጠርቷል። ቃሉ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በጥንታዊቷ የመን፣ በሒምያር ዘመን የተቀረጹ የድንጋይ ጽሑፎች የአይሁድን የጸሎት ቤት የሚጠሩት ም፣ ክ፣ ር፣ ብ በሚሉት ተነባቢዎች በተጻፈ ስም ነው። ይህን ዝምድና ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ሁለቱ የባሕር ዳርቻዎች አንድ ቃል ተጋርተዋልና።

እኒያ አባት «መስጊድ» ማለታቸው ደግሞ እንደ ስሕተት እንዳይቆጠርባቸው አደራ እላለሁ። ቤተ እስራኤል ራሳቸው የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉት ነበር፤ «ጸሎት ቤት»ም ይሉታል። «መስጊድ» መስገጃ ማለት ነው፤ ከሙስሊሞች መስጊድ ጋር የሚያገናኘው ይኸው የስግደት ሥር ነው። «ስግድ» የተባለው በዓላቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣል፣ ቄሶቹ ኦሪትን ያነባሉ፣ ሁሉም ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይሰግዳል፤ ከዚያ ወደ መንደር ወርደው ጾሙን ይፈቱና ይደሰታሉ። የእስራኤል ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል።

ስለዚህ በማስታወሻዎ ሁለቱንም ስም ይጻፉ፦ «በወለቃ የሚገኝ የቤተ እስራኤል ምኩራብ፤ ምእመናኑ መስጊድ ይሉታል።» አንዱን ብቻ ከጻፉ ወይ አንባቢው ይደናገራል፣ ወይ የባለቤቶቹ ስም ይጠፋል። ሕዝቡ እንደሆነ አብዛኛው ሄዷል፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። ስማቸው እንኳ በአገራቸው ይኑር።

«ፈላሻ»ን ግን በራስዎ ቃል አይጠቀሙበት። ብዙዎች ከ«ፈለሰ» ጋር ያያይዙትና መጤ፣ አገር አልባ እንደማለት ይሰማል፤ ሕዝቡም እንደ ስድብ ያየዋል። የእኒያን አባት ንግግር እንዳለ ሲጠቅሱ ብቻ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት።

ስለ ሌሎቹ ቃላት ባጭሩ፦ መጽሐፋቸው «ኦሪት» ነው፤ በግእዝ፣ በብራና ተጽፎ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ እንጂ እንደ ሌሎች አይሁድ የሚጠቀለል አልነበረም። ካህናቸውን «ቄስ» ይበሉ፤ «ረቢ» ሌላ ማዕረግ ነው። «አይሁድ» በግእዙ ብዙ ቁጥር ነው፣ ነጠላው «አይሁዳዊ» ይባላል፤ «አይሁዶች» ቢሉም በዛሬው አማርኛ የተለመደ ስለሆነ አልከለክልዎትም። «እስራኤላዊ» ግን ዛሬ በዋናነት ዜግነትን የሚገልጽ ነውና ለሃይማኖቱ ባይጠቀሙበት ይሻላል።