የአንባቢያን ጥያቄ፦ 50 ኪሎው ጆንያ እንዴት 49.100 ሆነ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ለእህል ነጋዴዎች ኤሌክትሮኒክ ሚዛን እገጣጥማለሁ። ቺፑ ትንሽ ስለሆነ ሙሉው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚመጣው የኮድ ስብስብ) አይገባበትም፤ ስለዚህ ፍሎት (ነጥብ ያለው) ቁጥርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ፈንክሽን፣ ማለትም የኮድ ክፍል፣ ራሴ ጻፍኩት። 12.50፣ 3.25፣ 48.75 እያልኩ ወደ 60 ቁጥር ሞከርኩ፣ ሁሉም ልክ መጣ። ባለፈው ሳምንት አንድ የኩታበር ገበሬ ጤፍ ሲያስመዝን ግን ወረቀቱ 49.100 ብሎ ወጣ። ጆንያው 50 ኪሎ ነበር! ደግነቱ ሰውየው ቤቱ መዝኖ ነው የመጣው፣ አለበለዚያ የ900 ግራም ዋጋ ይቀርበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስፈትሽ 5.03ን 5.3 ይለዋል፣ 2.675ን ደግሞ 2.67። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት? ምን ምን ብሞክርስ ነው ልተማመንበት የምችለው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይስተካከላል። ስህተቶቹ ራሳቸው ኮድህ ምን እንደሚመስል ይናገራሉ። ፈንክሽንህ ከነጥቡ በፊት ያለውን ለብቻ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ለብቻ ነው የሚያትመው። ሚዛኑ 49.997 አንብቦ ነበር እንበል። መጀመሪያ 49ን ጻፈ። ቀጥሎ 0.997ን በ100 አባዛ፣ 99.7 መጣ፣ ተጠጋግቶ 100 ሆነ። ያ 100 አንድ በእጅ ተይዞ ወደ 49 መሄድ ነበረበት፣ 49 ግን ታትሞ አልቋል። ስለዚህ 100ው እንዳለ ከነጥቡ ኋላ ተለጠፈ። የ5.03ም ነገር ከዚሁ አይርቅም፤ 3ን ጻፍክ፣ ከፊቱ ያለውን ዜሮ ግን አልሞላህም።

ገና ያላየኸው ሌላ ስህተትም አለ። -0.50ን ስጠው። ከነጥቡ በፊት ያለው 0 ነው፣ ሙሉ ቁጥር የሆነ 0 ደግሞ የመቀነስ ምልክት አይይዝም፣ ስለዚህ 0.50 ብሎ ያትምልሃል። ሳህኑ ተጭኖ ሚዛኑን ዜሮ አድርገህ ሳህኑን ስታነሳው ሚዛኑ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ ይህ ገበያ ላይ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው።

ምልክቱን አስቀድመህ ለይ። ከዚያ ቁጥሩን በሙሉ በደብል (ከፍሎት እጥፍ ቦታ በሚይዘው የቁጥር ዓይነት) በ100 አባዝተህ አጠጋጋና ሙሉ ቁጥር አድርገው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ለ100 አካፍለህ ሁለት ቦታ ክፈለው። እኔን ብትሰማኝ ግን ለሚዛን ፍሎት ባትጠቀም እመርጣለሁ። ከሴንሰሩ የሚመጣው ንባብ መጀመሪያውኑ ሙሉ ቁጥር ነው። በግራም ያዘው፣ በግራም ደምረው፣ ነጥቡን ስታትም ብቻ አስገባው።

2.675 ላይ ፈንክሽንህ አልተሳሳተም። ኮምፒውተሩ ውስጥ 2.675 የሚባል ቁጥር የለም። በ32 ቢት (32 የ0 ወይም የ1 ቦታ ባለው) ፍሎት የተቀመጠው 2.67499995 ገደማ ነው፣ በ64 ቢቱ ደብልም ቢሆን ከ2.675 በጥቂቱ ያነሰ ነው። ካነሰ ደግሞ ወደ 2.67 መውረዱ ትክክል ነው። ስለዚህ «ተሳስቷል» ከማለትህ በፊት የተቀመጠውን ቁጥር ብዙ አሃዝ አስወጥተህ እየው። 0.125 ግን ሌላ ነው፤ እሱ ልክ መሃል ላይ ነው የተቀመጠው፣ 0.12 ወይም 0.13 መባሉ በመረጥከው ደንብ ይወሰናል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ 0.12 ይለዋል። አንተም አንዱን ምረጥና ቴስትህ ውስጥ ጻፈው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። 60ዎቹን ቁጥሮች እስቲ መለስ ብለህ እያቸው፦ 12.50፣ 3.25፣ 48.75። ግማሽ፣ ሩብ፣ ሦስት ሩብ። ኮምፒውተሩ በሁለት በሁለት እየከፈለ ስለሚይዝ እነዚህ ምንም ሳይጎድሉ ይቀመጣሉ፣ ማጠጋጋት የሚባለው ነገር ጭራሽ አይነካቸውም። 60 ጊዜ ሞከርክ፣ ግን ያንኑ ቀላሉን መንገድ 60 ጊዜ ነው የሄድክበት።

ኮዱን ከቺፑ አውጥተህ ላፕቶፕ ላይ አሂደው። የ32 ቢት ፍሎት ጠቅላላ ብዛቱ 4,294,967,296 ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን ላፕቶፑ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ቢፈትሽ ከ7 ደቂቃ ትንሽ ነው የሚያልፈው፣ አቦሉ ሳይፈላ ያልቃል። ቺፑ ከሚችለው ክልል ውጭ ያሉትን ትተህ ሁሉንም ሞክር፣ እያንዳንዱንም ፕሪንትኤፍ የተባለው የሲ ቋንቋ ማተሚያ ፈንክሽን ከሚሰጠው ጋር አመሳክር። አደራህን፣ «ትክክለኛ መልስ» የምትለውን ከራስህ ፈንክሽን ቀድተህ አታስቀምጥ። ያኔ ስህተትህን ራሱን ምስክር አደረግከው ማለት ነው።

በ64 ቢት ይሄ አይሞከርም፤ በዚያው ፍጥነት ከ58 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። እዚያ ጠርዞቹን ነው የምትመርጠው፦ 2ን ወይም 10ን በራሱ ደጋግሞ በማባዛት የሚመጡትን (እንደ 4፣ 8፣ 100፣ 1000) ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቻቸው ጋር፣ 9.999ን የመሰሉ፣ ትልቁንና ትንሹን ቁጥር፣ ኢንፊኒቲን (ወሰን የለሹን)፣ ናንን («ቁጥር አይደለም» የሚለውን ዋጋ)፣ ዜሮንና ነጌቲቭ ዜሮን። የቀረውን በዘፈቀደ ሙላ። ወደ ጽሑፍ ቀይር፣ መልሰህ አንብብ፣ ያው ቁጥር መምጣቱን እይ። ለዚህ ደብል 17 አሃዝ፣ ፍሎት 9 አሃዝ ይበቃዋል። ስታወዳድር በእኩል ምልክት ሳይሆን በቢት ይሁን፤ ናን ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም፣ ነጌቲቭ ዜሮ ደግሞ ከዜሮ ጋር እኩል ነው ይልሃል።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ከተማ ነው የምጽፈው፣ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ 0.1 እና 0.2 ሲደምሩ 0.30000000000000004 ይመጣባቸዋል። ልደብቀው ወይስ ላሳያቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያሳዩዋቸው። ያ ረጅም ጽሑፍ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ድምሩ የተቀመጠው 0.3 ከሚባለው ደብል ቀጥሎ ባለው ቁጥር ላይ ነው፣ ያ አሃዝ ባይኖር ሁለቱን መለየት አይቻልም። ፓይተን ከ2009ኙ 3.1 ጀምሮ የሚያትመው ቁጥሩን ሳያምታታ መልሶ የሚያመጣውን አጭሩን ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት 0.1 ብለው ቢጽፉ እንኳ 0.10000000000000001 ብሎ ይመልስላቸው ነበር። ውጤቱ ለሰው የሚታይ ከሆነ በሁለት አሃዝ ያሳጥሩት፣ ፋይል ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን እንዳለ ይተዉት።