የጋራዥ ገጽ፦ ቱርቦ በደጋ አገር

ጥያቄ፦ ላንድ ክሩዘሬ ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው፣ ቱርቦ የለውም። ከደሴ ወደ ወገልጤና ጭነት ይዤ ስወጣ ጉልበት ያንሰዋል፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል። ጋራዥ ብጠይቅ «ቱርቦ እንግጠምልዎት፣ 1 ባር ይነፋል» አሉኝ። ሞተሩ ይችለዋል ወይ? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ቱርቦውን (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋውን) ይችላል፤ 1 ባሩን (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አይችልም። 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው። ኮምፕሬሽን ሬሾው (ፒስቶኑ አየሩን ስንት እጥፍ እንደሚያጭቀው) ከ22 ለ 1 በላይ ሲሆን ናፍታው በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ሳይሆን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ነው የሚረጨው። ሙቀት ሲበዛበት መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በዚያ ክፍልና በቫልቮቹ መካከል ያለው ስስ ብረት ነው፤ ፒስቶኑ ይከተላል። ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ የወጣው ወንድሙ 1ኤችዲ-ቲ በፒስቶኑም በቴስታታውም ይለያል፤ ሬሾውም 18.6 ለ 1 ነው። እርስዎ ከ0.5 ባር አይለፉ።

ስለ ከፍታው ደግሞ እንነጋገር፤ የባሕር ጠለል ቁጥር ደሴ ላይ ሲነገር ብዙ ሞተር ይቃጠላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ነው። ሩቡ አየር ገና ሳይነሱ ጎድሏል ማለት ነው። የቱርቦ ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር ያለውን ብልጫ ብቻ ነው። ጌጁ 0.5 ሲል ቱርቦው አየሩን ከ0.75 ወደ 1.25 ባር አጭቆታል፤ 1.67 እጥፍ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያው 0.5 የሚሆነው 1.5 እጥፍ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ቱርቦው ለዚያችው ቁጥር በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩንም ይበልጥ ያግለዋል። 25 ዲግሪ አየር ቢገባና ኮምፕሬሰሩ (አየር የሚያጭቀው የቱርቦው ክፍል) 70 በመቶ ብቃት ቢኖረው፣ ጅቡቲ ላይ 77 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል፣ ደሴ ላይ 92። ጋራዡ ያለዎት 1 ባር ደግሞ 2.33 እጥፍ ነው፤ አየሩ 140 ዲግሪ ያልፋል። ኢንተርኩለር (የታጨቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ካልተገጠመ ይህ ሁሉ ሙቀት ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ጥቁሩ ጭስ ግን በእርስዎ ነገር ላይ መልካም ዜና ነው። ፖምፓው ናፍታውን እንደ ቆላው መጠን እየላከ አየሩ ስላነሰ ነው የሚጨሰው። ፊልትሮው ንጹሕና ኢንጀክተሮቹ ደህና ከሆኑ፣ ቱርቦው ሲገጠም ናፍታ ሳይጨመር አብዛኛው ጉልበት ይመለሳል፣ ጭሱም ይጠፋል። ስለዚህ የፖምፓውን የናፍታ ቡሎን በመጀመሪያው ቀን አያስነኩ። በኋላ ካስፈለገ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስምንተኛ ዙር በላይ አይዙር፤ ከዚያ ዳገት ወጥቶ ማየት ነው።

የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያ የግድ ነው። ቀዳዳው ከቱርቦው በፊት፣ ማኒፎልዱ ላይ ይበሳ። ረጅም ዳገት ላይ ከ650 ዲግሪ በታች ይያዙት። 700 ሲጠጋ ነዳጅ መልቀቅና ማርሽ መቀነስ እንጂ መጫን አይደለም።

ከመግጠምዎ በፊት የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ያስለኩ። ደሴ ላይ ቁጥሩ ከመጽሐፉ ሩብ ያህል ቢያንስ አይደንግጡ፤ ከፍታው ነው። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ቱርቦውን ትተው ገንዘቡን ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) እና ቫልቭ ላይ ያውሉት። የራዲያተር ክዳኑም 0.9 ባር የሚይዝ፣ ላስቲኩ ያልደረቀ ይሁን። ክዳኑ ካልያዘ በዚህ ከፍታ ውሃው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል።

ጥያቄ፦ ኮሮላዬ ላይ ያለው የቤንዚን ሞተር 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ነው። ቱርቦ ገጥሜ 150 የፈረስ ጉልበት ማድረስ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከሒሳቡ ጀምር። ሞተርህ አዲስ ሳለ የነበረው 109 ገደማ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ አየሩ 0.81 ባር ነው፤ ስለዚህ አሁን የምትነዳው 88 ያህሉን ነው። 150 ለማግኘት ጠቅላላው ግፊት 1.4 ባር መድረስ አለበት፣ በጌጅ 0.6። ሬሾው 10.5 ለ 1 በሆነ ሞተር፣ በፋብሪካው ፒስቶንና ቢየላ (ፒስቶኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው)፣ ይህን አንመክርም። በ0.3 ብትወሰን 120 ትጠጋለህ፤ ሞተሩም ሳይፈታ ይሠራል።

ካልክ 0.6 ብቻ፣ ሞተሩ ይፈታ። ሬሾውን ወደ 9 ለ 1 የሚያወርድ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስቶንና ጠንካራ ቢየላ ያስፈልግሃል። ሬቲፊካ ቤት (ሲሊንደር የሚሞረድበት) ስትሄድ ፒስቶኖቹን ይዘህ ሂድ፤ ሲሊንደሩ የሚከፈተው በአምራቹ ክፍተት ነው፣ ፎርጅድ ፒስቶን ሲሞቅ የበለጠ ስለሚሰፋ በድሮው ልክ ከተሠራ ይያዛል። የላይኛውን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባ፣ በተገለበጠ ፒስቶን ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ወደ ታች ገፍተህ አስተካክል፣ የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለካ። ለቱርቦ የሲሊንደሩ ስፋት በ0.0055 ሲባዛ ይበቃል፤ በ75 ሚሊሜትር 0.41 ይመጣል። ከጠበበ አንደኛውን ጫፍ ብቻ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ በቀስታ ሞርደው። ጠቦ ከቀረ ፋሻው ግሎ ሲሰፋ ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ የፒስቶኑም ጠርዝ ተሰብሮ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ያኔ ቱርቦውን ይረግማል።

ኢንጀክተሮቹ እያንዳንዳቸው በደቂቃ 300 ሲሲ የሚሰጡ ይሁኑ። ካንዴላው አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ፣ ክፍተቱም 0.7 ሚሊሜትር። ሙሉ ነዳጅ ስትጫን የአየርና ቤንዚን ጌጁ ከ11.5 እስከ 12 ለ 1 ካላሳየ እግርህን አንሳ። ዋናውን አትርሳ፤ ኮምፒውተሩን ኮምቦልቻ አስተካክለህ በባቲ ወደ ሚሌ ብትወርድ፣ ጌጁ ያው 0.6 እያለ ጠቅላላው ግፊት ከ1.5 ባር ያልፋል፣ አየሩም ይግላል። ሞተሩ ማንኳኳት የሚጀምረው እዚያ ነው። ለቆላው ኢግኒሽኑን ወደ ኋላ የመለሰ ሁለተኛ ፕሮግራም ይኑርህ፣ ወይም ቱርቦውን ወደ 0.3 አውርደህ ውረድ።

ጥያቄ፦ አዲስ ቱርቦ አስገጥሜ ባልሞላ ሳምንት ሰማያዊ ጭስ ጀመረ። ቱርቦው ፎርጂድ፣ ማለትም አስመስሎ የተሠራ፣ ነው ይሉኛል። (ከወልድያ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን አስቀድመን የምንጠረጥረው የዘይት መመለሻ ቱቦውን ነው። ዘይቱ ወደ ቱርቦው የሚገባው በግፊት ነው፣ የሚመለሰው ግን በራሱ ክብደት ወርዶ ነው። መመለሻው ውስጡ ከ16 ሚሊሜትር ከጠበበ፣ መሐል ላይ ከታጠፈ፣ ወይም ኮፓው (የሞተሩ የዘይት ገንዳ) ላይ የተበየደው ከዘይቱ ደረጃ በታች ከሆነ፣ ዘይት ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በማኅተሙ አልፎ ይቃጠላል። የሞተሩ ትንፋሽ ቱቦ ተደፍኖም ከሆነ ውጤቱ ያው ነው። በጓርኒሲዮን ፈንታ ሲሊኮን ከተቀባ ደግሞ ቁራጩ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ አስፈትተው ያስጠርጉ። እነዚህ ደህና ከሆኑ የአየር ቱቦውን ይንቀሉና ዘንጉን በጣት ይሞክሩ። ወደ ጎን ትንሽ ቢወዛወዝ ያለ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀሱ በእጅ ከተሰማ ግን ቱርቦው አልቋል። አዲስ ሲገጠም መጀመሪያ ንጹሕ ዘይት በመግቢያው ይፍሰስ፤ ቀጥሎ ሞተሩ እንዳይነሳ የናፍታ መዝጊያው ሽቦ ተነቅሎ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ይዙር።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥቼ ስቆም ሞተሩን ወዲያው ባጠፋው ችግር አለው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ አለው። ዳገቱን ጭነት ይዘው ከወጡ ሁለት ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ያቆዩት። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ፓምፑም ይቆማል፤ የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ከስሎ ቦታውን ይደፍናል። ከተማ ውስጥ ቀስ ብለው ነድተው ከገቡ ግን ቀዝቅዟል፣ ያጥፉት።