ከእሳት የተረፈው ማር ይሸጣል?

ጥያቄ፦ በሱሉልታ አቅራቢያ ንብ የማነብ ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት በማር ማጣሪያ ቤቴ ውስጥ ረዳቴ ሰፈፍ (ያልተጣራ የንብ ሰም) በብረት ድስት እሳት ላይ ጥዶ ሲያቀልጥ ገንፍሎ ተቀጣጠለ፤ ደንግጦ አንድ ባልዲ ውሃ ቢደፋበት ነበልባሉ ጣሪያ ድረስ ዘለለ። ሰው ባይጎዳም የቤቱ ግማሽ ነዷል። ጓዳ የነበሩት ስድስት ጄሪካን ማር ተርፈዋል፤ ጭስ ጭስ ከማለታቸው በቀር ደህና ይመስላሉ። ለገበያ ባወጣቸው ችግር አለው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እንኳን ሰው ተረፈልዎ። ከማሩ በፊት ግን ንቦችዎ ይቅደሙ። ወለሉ ላይ የፈሰሰ ማር ካለ የሩቁም የቅርቡም ንብ ይሰበሰብበታል፤ ሲያልቅባቸው ደግሞ ፊታቸውን ወደ ደካማ ቀፎዎች አዙረው ይዘርፋሉ፣ በሽታም ከቀፎ ወደ ቀፎ ይዛመታል። ስለዚህ ዛሬውኑ የፈሰሰውን ጠርገው በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ፣ ወለሉን ይጠቡ፣ የደካማ ቀፎዎችንም መግቢያ ያጥብቡ።

ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ ይመርምሩ። ማር እርጥበትንም ሽታንም ይስባል፤ የተቃጠለ ላስቲክና ቀለም ሽታ አንዴ ከገባው በማጣራት አይወጣም። ክዳኑ የላላ፣ ጎኑ የለሰለሰ ወይም የተጣመመ ጄሪካን ያለ ማመንታት ይወገድ። ሙቀቱ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ ኤችኤምኤፍ የሚባለውን ውሁድ በማሩ ውስጥ ያበዛል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በኪሎ ከ40 ሚሊግራም፣ ለሞቃት አገሮች ማር ከ80 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ይህንን ደግሞ ዓይንም ምላስም አይለየውም። ስለዚህ ደህና የሚመስለውንም በላቦራቶሪ ሳያስመረምሩ አይሽጡ፤ ንብን ስለሚመርዝ ለቀፎም ቀለብ አያድርጉት። «ለጠጅ ይሆናል» የሚል ምክር መስማትዎ አይቀርም፤ ጋን የሚታጠነው በወይራ እንጂ በተቃጠለ ላስቲክ አይደለም።

ስለ ሰሙ አጥብቄ የምነግርዎ አለ። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። በእርስዎ አካባቢ ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ሰሙን የያዘውን ዕቃ ውሃ ባለበት ሌላ ድስት ውስጥ አስቀምጠው ቢያቀልጡ፣ ውሃው እስካላለቀ ድረስ ሰሙ ወደሚቀጣጠልበት ሙቀት አይደርስም። በሚነድ ሰም ላይ የተደፋ ውሃ ግን ከሰሙ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጥና ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ሲፈነዳ እሳቱን ይረጨዋል፤ ረዳትዎ ያየው ይኸው ነው። እንዲህ ያለ እሳት የሚጠፋው ድስቱን በክዳን በማፈን ነው። ቤቱን ሲጠግኑ የሰም ማቅለጫውን ከማጣሪያው አውጥተው ለብቻው፣ ከደረቅ ሣርና ከቀፎዎቹ አርቀው ይሥሩት፤ የድስቱን ልክ ክዳንም እጅ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉ።